ኢ.አር.ኤ ብቻ አይቶ ቤዝቦል መቁረጥ ለምን ገንዘብ ያስበላል

ክረምት ገብቶ የአውሮፓ ሊጎች ሲያርፉ፣ ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ የቤቲንግ ዝርዝሩን የሚሞላው ቤዝቦል ነው። ብዙ ሰው ቲኬት የሚቆርጠው የቡድን ስም አይቶ ነው። ያንኪስ፣ ዶጀርስ እያለ አምስት ጨዋታ ይደረድራል፤ ጠዋት ሲነሳ ቲኬቱ ተቃጥሏል። ቤዝቦል ግን እንደ እግር ኳስ አይደለም። ኳሱን የሚወረውረው ሰው በየቀኑ ስለሚቀየር ያው ቡድን ዛሬና ነገ ሌላ ቡድን ነው። አንድ ቡድን ብዙውን ጊዜ አምስት ጀማሪ ፒቸሮች (ጨዋታውን የሚጀምሩ ወርዋሪዎች) በተራ ያሰልፋል፤ የወረወረው አራት ወይም አምስት ቀን ያርፋል። ዛሬ 1.55 የነበረ ኦድ (ካሸነፋችሁ ለአንድ ብር የሚከፈለው) ነገ 2.10 ሆኖ የሚመጣውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። በአሜሪካው ዋና ሊግ በአንድ ዓመት 162 ጨዋታ 100 ያሸነፈ ቡድን ድንቅ ይባላል፤ ያ እንኳ 62 ከመቶ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ቺካጎ ዋይት ሶክስ 121 ጊዜ ተሸንፎም 41 ጊዜ አሸንፏል። «ይሄማ አይቀርም» የሚባል ጨዋታ እዚህ የለም።

ወደ ፒቸሩ እንምጣ። መጀመሪያ ከዓይናችሁ መውጣት ያለበት የአሸነፈና የተሸነፈ ቁጥሩ ነው። ጄከብ ዲግሮም እ.ኤ.አ. በ2018 ያሸነፈው 10፣ የተሸነፈው 9 ነበር። ኢ.አር.ኤው ግን (ስሌቱ ከታች አለ፤ ዝቅ ያለው ጥሩ ነው) 1.70 ነበር፤ በሊጉ ምርጥ ፒቸር ተብሎ የሳይ ያንግ ሽልማትንም ወስዷል። እሱ ነጥብ ቢከለክልም ቡድኑ ካልመታለት አያሸንፍም።

ኢ.አር.ኤ ማለት በፒቸሩ ላይ የተቆጠሩና የተከላካዮች ስህተት ያላመጣቸው ነጥቦች በ9 ተባዝተው ለወረወራቸው ኢኒንጎች (ጨዋታው የሚከፈልባቸው 9 ዙሮች) ሲካፈሉ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ቦታ ግን ያሳስታል። አንደኛው አጻጻፉ ነው። 5.2 ኢኒንግ ማለት አምስት ኢኒንግና ሁለት አውት (አንድ ኢኒንግ የሚያልቀው ሦስት መቺ ሲወጣ ነው)፣ ማለትም አምስት ከሁለት ሦስተኛ ነው። 5.2ን እንዳለ ካልኩሌተር ላይ የሚመታ ሰው ስሌቱ ገና ከመጀመሪያው ይበላሽበታል። ሁለተኛው ችግር የናሙናው ማነስ ነው። አንድ ፒቸር በአምስት ጨዋታ እንዲህ ወረወረ እንበል፦ በ6.0 ኢኒንግ 1 ነጥብ፣ በ5.2 ሁለት፣ በ2.0 ሰባት፣ በ6.1 ሁለት፣ በ6.0 አንድ። ሲደመር 26 ኢኒንግና 13 ነጥብ፤ ኢ.አር.ኤ 4.50። ያቺን አንድ ክፉ ቀን ብታወጡ 2.25 ይሆናል። ያው ሰው፣ ያው ክንድ። ከቢቸና ጤፍ የሚያመጣ ነጋዴ በአንድ ገበያ ቀን ዋጋ የዓመቱን አይወስንም፤ ፒቸር ላይ ግን ሁላችንም እንወስናለን።

ታዲያ ምን ይታይ? ፒቸሩ በራሱ እጅ የያዘው ነገር። የተመታ ኳስ ሜዳ ላይ ካረፈ በኋላ የተከላካዮች ጉዳይ፣ የዕድልም ጉዳይ ነው። ስትራይክአውት (መቺው በሦስት ስትራይክ ሲወጣ)፣ ዎክ (በአራት የተሳሳተ ውርወራ መቺው በነጻ ሲሄድ) እና ሆም ራን (መቺው በራሱ ምት ዞሮ ነጥብ ሲያስቆጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ኳሱ ከሜዳ ሲወጣ) ግን በአብዛኛው የእሱ ናቸው። በላይኛው ምሳሌ ሰውዬው 108 መቺዎች ገጥሞ 30 በስትራይክአውት አስወጣ፣ 7 በዎክ ሰጠ እንበል። ከ108ቱ ስትራይክአውቱ 27.8 ከመቶ፣ ዎኩ 6.5 ከመቶ ነው፤ ሲቀናነሱ 21.3 ይመጣል። የሊጉ አማካይ 14 አካባቢ ስለሆነ ከ20 በላይ በጣም ጥሩ ነው፤ ከ10 በታች ከሆነ ኢ.አር.ኤው ቢያምርም አትመኑት። አንድ እርምጃ መሄድ የሚፈልግ ኤፍ.አይ.ፒን (ፒቸሩ በእጁ ከያዘው ብቻ የሚሰላ፣ እንደ ኢ.አር.ኤ የሚነበብ ቁጥር) ያሰላል፦ ሆም ራን በ13፣ ዎክና ፒቸሩ በኳስ የመታቸው መቺዎች ድምር በ3፣ ከዚያ ላይ ስትራይክአውት በ2 ተባዝቶ ይቀነሳል፤ ውጤቱ ለኢኒንግ ተካፍሎ 3.1 ገደማ ይጨመርበታል። በሦስት ሆም ራንና በአንድ የተመታ ሰው የእኛ ፒቸር 3.2 አካባቢ ያርፋል። ኢ.አር.ኤው 4.50 ስለሚል ሰው ይሸሸዋል፣ ኦዱ ከፍ ይላል። የምንፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ኢ.አር.ኤው 2.20፣ ኤፍ.አይ.ፒው 4.60 የሆነ ሰው ሲመጣ የተጋጣሚውን ዋጋ እዩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፍጥነቱን ማየት ይገባል። ቤዝቦል ሳቫንት የሚባለው ድረ ገጽ የእያንዳንዱን ውርወራ ፍጥነት በነጻ ያሳያል። የሊጉ ፋስትቦል (የፒቸሩ ፈጣኑ ውርወራ) አማካይ በሰዓት 94 ማይል፣ ወይም 151 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፒቸሩ በመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ከራሱ የዓመት አማካይ አንድ ማይል ተኩል ከወረደ ጨዋታውን ተዉት፤ ክንዱ ደክሞ ወይም ጉዳት እየደበቀ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ላይ ከመታየቱ በፊት ፍጥነቱ ላይ ይታያል። በሚያዝያ ብርድ ላይ ግን ብዙዎች ትንሽ ስለሚቀንሱ ያኔ ቶሎ አትፍረዱ።

ሌላው ጥያቄ እስከ ስንተኛው ኢኒንግ ይቆያል የሚለው ነው። ዛሬ ጀማሪ ፒቸር በአማካይ አምስት ኢኒንግ አለፍ ቢል ነው። መቺዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥሙት ስለሚለምዱት አሰልጣኙ ቶሎ ያወጣዋል። የቀረውን ቡልፐኑ (ጀማሪውን የሚተኩት ወርዋሪዎች) ይወረውራል። ስለዚህ ጀማሪውን አጥንቶ በሙሉ ጨዋታ መቁረጥ ግማሹን ጨዋታ ሳያጠኑ መቁረጥ ነው። «የመጀመሪያ 5 ኢኒንግ» የሚል ምርጫ ካለ እሱን ያዙ፤ ድካማችሁ ዋጋ የሚያገኘው እዚያ ነው። አቻ ሲሆን ገንዘብ ይመለሳል ወይስ ይበላል የሚለውን ግን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ሁለት ምርጫ ያለውና ሦስት ምርጫ ያለው ይለያያሉ። ምርጫው ከሌለ የቡልፐኑን ያለፉት ሁለት ቀናት እዩ፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ የወረወረ መዝጊያ ፒቸር (የመጨረሻውን ኢኒንግ የሚወረውር) በሦስተኛው ብዙውን ጊዜ ያርፋል።

ስለ ሜዳው በአጭሩ። የዴንቨር ሜዳ ከባሕር 1,580 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ለእኛ ይህ ምንም አይደለም፤ ባሕር ዳር 1,800 ናት፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 በላይ። ለቤዝቦል ግን ዓለምን ይለውጣል። አየሩ ሲሳሳ የተመታ ኳስ ይርቃል፣ የሚታጠፈው ውርወራም በደንብ አይታጠፍም። እዚያ የተደበደበን ፒቸር አቋሙ ወርዷል አትበሉ፤ ያንን ጨዋታ ለብቻው አውጥታችሁ አስሉ።

ሰዓቱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በኒውዮርክ ሰዓት ከምሽቱ 7፡05 የሚጀምር ጨዋታ በእኛ ከሌሊቱ 8፡05 ነው። የማክሰኞ የተባለው ለረቡዕ አጥቢያ ስለሚውል ስልካችሁ ረቡዕ ይለዋል፤ ሁለቱ ቡድኖች ደግሞ ተከታታይ ቀናት ስለሚጋጠሙ የተሳሳተ ቀን መቁረጥ በጣም ቀላል ነው። አሰላለፍ የሚወጣው ከጨዋታው ሦስትና አራት ሰዓት በፊት፣ ማለትም በእኛ ከምሽቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ነው። ቀን ላይ የቆረጠ ሰው የተነገረውን ፒቸር አምኖ ነው የቆረጠው፤ እሱ ከተቀየረ ትንተናው ሁሉ ገደል ገባ። አንዳንድ ቤቶች ፒቸር ሲቀየር ገንዘብ ይመልሳሉ፣ አንዳንዶቹ ግን ቲኬቱ ይጸናል ይላሉ። ደንቡን ፈልጉት። ከተጻፈው ስም ጀርባ ያለፉት ጨዋታዎቹ አንድና ሁለት ኢኒንግ ብቻ ከሆኑም ሰውዬው ኦፕነር ነው፤ ከፍቶ ይወጣል፣ ዋናው ወርዋሪ ሌላ ነው።

አሁን ዋጋው። ለአንዱ ቡድን 1.80፣ ለሌላው 2.05 ቢቀርብ፣ 1 ለ1.80 ሲካፈል 55.6 ከመቶ፣ 1 ለ2.05 ሲካፈል 48.8 ከመቶ፤ ድምሩ 104 ከመቶ ያልፋል። ትርፉ የቤቱ ነው። ሲጣራ ተመራጩ ቡድን 53.2 ከመቶ ዕድል አለው። ከባዶ መተንበይ አያስፈልግም፤ ይህን መነሻ አድርጋችሁ ያገኛችሁትን ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ከአራት የመቶኛ ነጥብ በላይ የሚያስጨምር ግኝት ግን ብርቅ ነው፤ ያገኛችሁ ከመሰላችሁ እናንተ ያላያችሁትን ቤቱ አይቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ዕድሉ 57 ከመቶ ከደረሰ 0.57 በ1.80 ሲባዛ 1.026 ነው፣ ከ1 ስለሚበልጥ ይቆረጣል። 54 ላይ ከቀረ 0.97 ነው፣ ይታለፋል። ከ15 ጨዋታ ሁለት ቢተርፍ ጥሩ ነው፤ ምንም ያልተረፈበት ቀንም ይኖራል።

መደርደሩን ተዉት። የቤቱ ድርሻ በየጨዋታው ሲባዛ፣ በእንዲህ ዓይነት ዋጋ የተደረደሩ አምስት ጨዋታዎች ከ100 ብር 19 ብር ገደማ ገና ሳይጀመር ይወስዳሉ። በሲንግል (በአንድ ቲኬት አንድ ጨዋታ)፣ ለዚሁ ተብሎ ከተለየ ገንዘብ ከ1 እስከ 2 ከመቶ ብቻ፤ 2,000 ብር ካለ ከ20 እስከ 40 ብር። የቤት ኪራይና የልጅ ደብተር ገንዘብ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ደብተር ላይ ቀኑን፣ ፒቸሩን፣ የቆረጣችሁበትን ኦድና ጨዋታው ሲጀመር የነበረውን ኦድ ጻፉ። በ1.80 የቆረጣችሁት ሲጀመር በተደጋጋሚ 1.70 ላይ ከተገኘ፣ ቲኬቱ ቢቃጠልም ንባባችሁ ትክክል ነበር። ሁልጊዜ 1.90 ላይ ከተገኘ ግን ብታሸንፉም በዕድል ነው።