ዳገቱ ላይ የወደቀው የዘይት ግፊት

ከአውሮራ ኮሎራዶ ላስ ቬጋስ 1,200 ኪሎሜትር ገደማ ነው። እኛ የደረስነው ሲልቨርቶርን ድረስ ነው። ከዴንቨር መቶ ኪሎሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ቬጋስ ያሉት ዘመዶቻችን የመስቀል ክትፏቸውን ያለ እኛ በሉ።

የሄድነው በአክስቴ ልጅ መኪና ነው። ሲልቨራዶ የሚባል የሼቭሮሌት ፒክአፕ፣ የ2004 ሞዴል፣ 5.3 ሊትር ቪ8። እሱ ጋራዥ ውስጥ አላደገም። ቪዲዮ እያየ የተማረ ነው። ግን እጁ ጥሩ ነው፤ ይህን ሳልመሰክርለት አላልፍም። ከጉዞው በፊት ፋብሪካ የሰጠውን ካምሻፍት፣ ማለትም በጉብታዎቹ የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ፣ አውጥቶ ትልቅ ካም ገጥሞበታል። የቀድሞው ቫልቮቹን 12 ሚሊሜትር ገደማ ይከፍት ነበር። አዲሱ 14 ገደማ ይከፍታል። ከፍቶም ቶሎ አይዘጋም። ቫልቮቹን መልሰው የሚዘጉትን ሞላዎችና የካሙን ግፊት ወደ ቫልቮቹ የሚያደርሱትን ፑሽሮዶችም አብሮ ቀይሯል። ብዙ ሰው ሞላውን ትቶ ካሙን ብቻ ይገጥምና በማግስቱ ያለቅሳል። እሱ ይህን አልሳተም።

ገና ሲያስነሳው «ስማ! ስማ ድምፁን!» አለኝ። ሰማሁ። ሚኒሞ ላይ ቆሞ ሲሠራ እየተንገዳገደ ያጓራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ትልቅ ካም የአየር ማስገቢያውንና የጭስ ማስወጫውን ቫልቭ ለአፍታ አንድ ላይ ክፍት ያደርጋቸዋል። በዝቅተኛ ዙር ጭሱ ከአዲሱ አየር ጋር ይደባለቅና ሞተሩ ይንገጫገጫል። በከፍተኛ ዙር ደግሞ ያው ነገር ጉልበት ይሆናል። ለድምፁ ብቻ ብለው የሚያስገጥሙ ሞልተዋል። የኔው ዘመድ ከእነሱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ኢንተርስቴት 70ን ይዘን ወጣን። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት። አዲስ አበባ ከእሷ በ700 ሜትር ገደማ ትበልጣለች፤ ስለዚህ እዚህ «ከፍታው አሞኛል» የሚል ሐበሻ ሳይ ይገርመኛል። ከዴንቨር ወዲያ ግን ቀልድ የለም። አይዳሆ ስፕሪንግስን፣ ጆርጅታውንን እያለፉ መውጣት ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን የአስፐን ዛፎች ቅጠል ወደ ቢጫ ይለወጣል። ተራራው አደይ አበባ የለበሰ ይመስላል። ቆሎ እየቆረጠምን፣ ፎቶ እያነሳን ነበር።

ጆርጅታውንን አልፈን ዳገቱ ሲጠና ዓይኔ የዘይት ጌጁ ላይ አረፈ። ሜዳው ላይ 40 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ቆሞ የነበረው መርፌ ወደ 25 ወርዷል። ትንሽ ቆይቶ 20። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ መጣ።

«ጌጁ ነው፤ ይዋሻል» አለ።

«ጌጁ ሲዋሽ ሞተሩ አብሮ ይንኳኳል እንዴ?» አልኩት።

መቆሚያ ስንፈልግ ዋሻው መጣ። አይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ ርዝመቱ 2.7 ኪሎሜትር የሆነ መተላለፊያ ነው። የመጀመሪያው ቀዳዳ በ1973 ተከፈተ፤ ሁለተኛው በ1979። በላዩ ያለው ተራራ የአህጉሩ የውኃ መክፈያ ነው። ከምሥራቁ በኩል የሚፈሰው ወደ አትላንቲክ፣ ከምዕራቡ የሚፈሰው ወደ ፓሲፊክ ይሄዳል። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን እያወራሁ አሰለቸው ነበር። ያን ቀን ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነበር። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። በዝቅተኛ ዙር ጉልበት የሚያንሰው ትልቅ ካም ሲጨመርበት መኪናው የተኛ ነው የሚመስለው።

ዋሻውን ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር የገረመኝ ነገር መጣ። መርፌው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተመለሰ። ጠቅታውም ቀነሰ። ሲልቨርቶርን ገብተን አንድ ነዳጅ ማደያ ጥግ እስክንቆም ድረስ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሽቅብ ሲሆን ወርዶ ቁልቁል ሲሆን የሚወጣ ግፊት ምን ማለት ነው?

የአክስቴ ልጅ ካሙን ነበር የሚጠረጥረው። «ፑሽሮዱ አጥሮ ይሆናል። ወይ አንዱ ሊፍተር ሞቷል።» ሊፍተር በካሙና በፑሽሮዱ መካከል ሆኖ በዘይት ግፊት የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ነው። ሞተር ከተነካካ በኋላ ሲያመው ሁሉም የሚወነጅለው አዲሱን ዕቃ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ እዚያ ዕቃ ጋር ለመድረስ ምን ምን ተፈታ? የታመመው ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ የተፈታው ነው።

ሞተሩን አጥፍተን የዘይት መለኪያ ዘንጉን አወጣሁ። ዘይቱ ልኩ ላይ ነው። ግን ጥቃቅን አረፋ አለበት። ስካነር ሰካን፤ የሚስፋየር፣ ማለትም ሲሊንደር ሳያቀጣጥል የመቅረት፣ ኮድ የለም። ቫልቭ ቢጣመም ወይም አንድ ሊፍተር ጨርሶ ቢወድቅ ያ ሲሊንደር ይስት ነበር። አስነስተን ረጅም ካቻቢቴ በጆሮዬ አስጠግቼ በሁለቱም በኩል አዳመጥኩ። ጠቅታው ከአንድ ቦታ አይደለም። ከግራም ከቀኝም ነው። አጭር ፑሽሮድ ቢሆን ዳገትና ቁልቁለት አይመርጥም፤ የዘይት ግፊትም አያወርድም። ይሄ ሁሉም ሊፍተሮች በአንድ ላይ ዘይት ሲጠማቸው የሚያሰሙት ድምፅ ነው። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር ሲሞቅ የሚፈቅደው ትንሹ ግፊት በደቂቃ በ1,000 ዙር 6፣ በ2,000 ዙር 18፣ በ4,000 ዙር 24 ፒኤስአይ ነው። ዳገቱ ላይ እኛ አፋፉ ላይ ነበርን።

«ካሙን ስታወጣ የዘይት ፓምፑን ፈትተሃል?» አልኩት።

«አዎ፣ የፊቱን ሽፋንም፣ ፓምፑንም።»

«ከሥር ያለውን የዘይት ኮፓስ አውርደሃል?»

«አላላሁት እንጂ አላወረድኩትም።»

እዚህ ላይ ነገሩ ተገለጠልኝ። በዚህ ሞተር ፓምፑ ከፊት ነው፤ ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ተቀምጦ ይዞራል። ዘይቱ የሚጠራቀመው ግን ኮፓው ውስጥ ከኋላ በኩል ነው። በመካከል አንድ ቀጭን ቱቦ አለ። ቱቦው ከፓምፑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ኦሪንግ የምትባል አንዲት የጎማ ቀለበት አለች። ኮፓው ሳይወርድ ቱቦውን በጠባብ ቦታ እያጎበጡ ሲያስገቡት ኦሪንጓ ትቆነጠጣለች። ያን ጊዜ ፓምፑ ከዘይት ጋር አየር ይስባል። ዳገት ላይ ዘይቱ ወደ ኋላ ሲሸሽ መገጣጠሚያው ባዶ ይቀራል። ቁልቁል ሲሆን ዘይቱ ወደ ፊት መጥቶ ይሸፍነዋል።

ግምት ብቻ ይዤ መኪና አላስጎትትም። ማደያው ውስጥ ዘይት ገዝተን ሁለት ሊትር ገደማ ከልኩ በላይ ጨመርን። ከዚያ አፍንጫው ወደ ታች የሚያዘቀዝቅበት ቦታ ፈልገን አቆምነው። አስነሳው። መርፌው ብድግ ብሎ 40ን አለፈ። ጠቅታው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ጠፋ።

«በቃ ዳነ! እንዲሁ ቬጋስ ድረስ አይወስደንም?»

«አይወስደንም፣ ወንድሜ።» ከልክ በላይ የሆነ ዘይት ውስጥ ክራንክሻፍቱ ሲዞር ይንጠዋል፤ አረፋ ያደርገዋል። ያም የባሰ ነው። በዚያ ላይ መንገዱን ያውቀዋል። ዩታ ውስጥ ከግሪን ሪቨር እስከ ሳሊና 170 ኪሎሜትር ገደማ ነዳጅ ማደያ የሚባል ነገር የለም። እዚያ ሞተር ቢነክስብን ማን ያገኘናል? ትንሽ አኮረፈ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መኪና ጫኝ ጠራ። ሲልቨራዶው ዋሻውን በሰው መኪና ጀርባ ላይ ሆኖ ተሻገረ፤ እኛ ከሹፌሩ ጎን ተጨናንቀን።

አውሮራ ስንመለስ መጀመሪያ የዘይት ፊልትሮውን ቆርጠን ወረቀቱን ዘረጋነው። የሚያብለጨልጭ ብናኝ አለ። ማግኔት ሳስጠጋ አብዛኛው ተሳበ። ብረት ነው፤ ስለዚህ ከካሙ ወይም ከሊፍተር ነው። የማይሳብ ብናኝ ቢበዛ ኖሮ የክራንክሻፍቱ ቤሪንግ ተበልቷል ብዬ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አስወርደው ነበር። የፊቱን ሽፋን ስንፈታ ኦሪንጓ አንድ ጎኗ በጨረቃ ቅርጽ ተቆርጣ አገኘናት። ካሙ ሲወጣ ደግሞ አንዱ የጭስ ማስወጫ ጉብታ ላይ ጭረት አለ፤ በጥፍር ሲነካ ይይዛል። የእሱ ሊፍተር ሮለርም ሻካራ ሆኗል። እንዲህ የሆነ ካም በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ አይመለስም። ሊፍተሮቹም ሁሉ ይቀየራሉ።

ለጭነትና ለዚህ ተራራ የሚስማማው ከታች ጉልበት ያለው ትንሽ ካም ነው ብዬ መከርኩት። ፍሬኑም ይመቸዋል፤ ትልቁ ካም ሚኒሞ ላይ ፍሬኑን የሚያግዘውን የሞተሩን ቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) ስለሚያሳንስ ፔዳሉ ይደነድናል። ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄዶ ያንኑ ትልቁን አዘዘ። የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚህኛው ዙር ኮፓው ሙሉ በሙሉ ይወርዳል፣ ኦሪንጓ በዘይት ትታሻለች፣ የቱቦዋን ብሎን ደግሞ የማስረው እኔ ነኝ።