እመቤቴ ቦሎኛ ላይ ሰማችኝ

የእመቤቴ ልጆች እንደምን ናችሁ፣ ይሄን ሳልመሰክር ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል ብዬ ነው። ታናሽ ወንድሜ በሊቢያ በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል፣ ደላላው ስልኩን ዘግቷል፣ እናቴ ለቅሶ ልትቀመጥ ምንም አልቀራት። እኔ ከፍራንክፈርት ጣሊያን ቦሎኛ ጓደኛዬ ጋ ሄጄ ሳለ "ተነሺ ሳን ሉካ እንውጣ፣ እዚህ ተቀምጠሽ አትብሰልሰይ" አለችኝ።

ሳን ሉካ ኮረብታ ላይ ያለች የእመቤታችን ቤተክርስቲያን ናት፣ ከከተማው እስከ ደጇ ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጣራ ያለው መንገድ አላት፣ ቅስቶቹ 666 ናቸው ሲሉኝ አማተብኩ ሃሃ። ለካ እነሱ እየተጠማዘዘ የሚወጣው መንገድ እባቡ ነው፣ ጫፉ ላይ እመቤታችን ራሱን ረግጣዋለች ነው የሚሉት፣ በቃ ልቤ ተመለሰ። ዳገቱ ግን ጉልበት ይጨርሳል።

ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ሰው ሁሉ ውጭ ሴልፊ ላይ ነው፣ እኔ ገባሁ። ሥዕሏን ቅዱስ ሉቃስ ነው የሳላት ይላሉ፣ ልክ እንደኛ ምስለ ፍቅር ወልዳ ልጇን ታቅፋ፣ በብር ተሸፍና የሁለቱ ፊት ብቻ ነው የሚታየው። በ1433 እኤአ ዝናብ አላባራ ብሎ እህላቸውን ሊያጠፋ ሲል ወደ ከተማ አወረዷትና ዝናቡ ቆመ አሉ፣ ይኸው ዛሬም በየዓመቱ በዕርገት ሰሞን ያወርዷታል። ካቶሊክ ቤት ምን ወሰደሽ የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ አልቆረብኩ አላስቀደስኩ፣ ለእናቴ ለእመቤታችን ነው የነገርኳት። "ለነሱ ዝናቡን ያቆምሽ፣ የወንድሜን ድምፅ አሰሚኝ፣ ሞቶም ከሆነ ቁርጤን ልወቅ" ብዬ ሊዘጉ ነው እስኪሉኝ አለቀስኩ።

የዛን ማታ ምንም የለም፣ በነጋታውም ምንም። ፍራንክፈርት ተመልሼ ሥራ ላይ እያለሁ በጣሊያን ቁጥር ሚስኮል አየሁ፣ ስደውል ራሱ ነው! "እትዬ ላምፔዱዛ ነኝ" አለኝ፣ የጣሊያን ደሴት ናት፣ ሞተራቸው ባህር መሀል ቆሞ ኮስት ጋርድ ነው ያወጣቸው፣ እኔ እኮ ስልኩን ይዤ መሬት ነው የተቀመጥኩት የጀርመን ባልደረቦቼ አምቡላንስ ሊጠሩ ነበር። ከጀልባው ያልተረፉ ልጆች አሉ፣ እነሱን ሳስብ ደስታዬን እፈራዋለሁ፣ ለምን የኛው ብቻ ሆነ የሚለው አልገባኝም፣ ግን የተደረገልኝን መደበቅም አልችልም።

እልል በሉልኝ። ስለቴ ወረቀቱ ሲያልቅለት አብረን በእግራችን ሳን ሉካ መውጣት ነው፣ እሱ ግን ከአሁኑ መኪና አይወጣም ወይ እያለኝ ነው።