ሁለት ክረምት የቆመች አውሮፕላን

ሰሞኑን ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቡና እየጠጣን አንድ ወጣት መካኒክ «ጋሼ፣ የትንሽ አውሮፕላን ሞተር ከመኪና በምን ይለያል? እሱም ያው ፒስተን፣ ፋሻ፣ ቫልቭ አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ልክ ነው፣ ያው ነው። ግን ከዓመታት በፊት እዚሁ የነካኋት አንዲት አሮጌ ሴስና 172 ትዝ አለችኝ።

ሁለት ክረምት ሙሉ ሳትበር ቆማለች። ባለቤቱ ስላልሠራች አላረጀችም ብሎ ያምናል። እኔን ያስፈራኝ መቆሟ ነው። ሞተሯ ላይካሚንግ ኦ-320 ነው፤ አራት ሲሊንደር። በዚህ ሞተር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን በጉብታዎቹ እየገፋ የሚከፍተው ዘንግ) ከክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) በላይ ነው የተቀመጠው፤ ሲቆም ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርድና ካምሻፍቱ ደረቁን ይቀራል። የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ሲጨመርበት ይዝጋል።

መጀመሪያ ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየር አምቆ የመያዝ አቅሙን፣ ለካሁ። እያንዳንዱን ሲሊንደር በ80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አየር ትሞላና ምን ያህሉን እንደያዘ ታያለህ። ሦስቱ ሲሊንደሮች ከ70 በላይ ያዙ፤ ቁጥር ሦስት የሚባለው ግን 52 ላይ ቆመ። ከዚያ ጆሮ ነው የሚፈርደው። አየሩ በካርቡሬተር ከተነፈሰ የመግቢያው ቫልቭ ነው፣ በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። የእኛው በጭስ ማውጫው «ሽሽሽ» ይላል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ተቃጥሏል ማለት ነው።

ባለቤቱ ደስ አለው። «አብሽር፣ አንድ ሲሊንደር ቀይረህ ነገ ትነሳለች» አለኝ።

ሲሊንደሩን ሳወልቅ ግን ካምሻፍቱን በቀዳዳው በባትሪ አየሁት። ይህን ዕድል ማሳለፍ አልወድም፤ ሞተሩ ሳይከፈት እዚያ የምታይበት ጊዜ ትንሽ ነው። (ወጣቶች፣ ልብ በሉ፦ የሲሊንደሩ ዳዶዎች ተፈተው ሳለ ፕሮፔለሩን አታዙሩ። እነዚያው ረጃጅም ቡለኖች የክራንክሻፍቱን ቤሪንግም ጨምቀው ስለያዙ ቤሪንጉ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ማዞር ካስፈለገ መጀመሪያ በማስያዣ ብረት መልሳችሁ አጥብቁ።) ቫልቭ ከሚገፉት የካምሻፍቱ ጉብታዎች አንዱን ዝገቱ ቆፍሮት፣ ጥፍሬን ሳሳልፍበት ይይዘኛል።

ኮምፕረሽን ይህን አያሳይም። የሚለካው ቫልቮቹ ተዘግተው ነው፤ የተበላ ጉብታ ደግሞ ጉዳቱ ቫልቩን በደንብ አለመክፈቱ ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ ድምፁም ደህና ነው፤ ጉልበቱ ግን ቀስ እያለ ይጎድላል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ ጤነኛው ሞተር ራሱ በአየሩ መሳሳት ብቻ ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ዙሪያው ተራራ ነው። ከምኑ ላይ ነው የምንቀንሰው?

ትበራለች ብዬ አልፈርምም አልኩት። ተቆጣ፣ ገባኝም፤ ካምሻፍት መቀየር ማለት ሞተሩን አውርዶ ለሁለት መክፈት ነው፣ ወጪውም ከባድ ነው። ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። በመጨረሻ ሞተሩ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ሄደ።

ሲመለስ እኔው ገጠምኩት። አዲስ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው ሞተሩ በርትቶ ሲሠራ ስለሆነ፣ አብራሪው ጋዙን ሳይቀንስ ከሜዳው ሳይርቅ ሲዞር ቆየ። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ነበር። እስክታርፍ አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ ሁለታችንም ድምፁን እያዳመጥን ነበር።