መብራት የጠፋባት ድሬ በካሜራ

ድሬዳዋ ውስጥ መብራት መጥፋቱ አዲስ ወሬ አይደለም። ያን ምሽት ግን ከዶፉና ከነፋሱ በኋላ ከከዚራ እስከ መጋላ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። መስመር ላይ ዛፍ ወድቋል ተባለ። ቤተሰቡ ሻማ ሲያስስ እኔ ካሜራዬንና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን፣ ትራይፖዴን፣ ይዤ ወጣሁ። እናቴ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

መጀመሪያ ስለ ደቻቱ፣ ከዚራንና መጋላን ስለሚለየው ወንዝ። በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው እንደ መንገድ ይሄድበታል። ክረምት ላይ ግን ድሬ ዝናቡ አባርቶም ከደንገጎ በላይ ደጋው ላይ እየጣለ ከሆነ፣ ጎርፉ ቆይቶ ከች ይላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። ስለዚህ የቱንም ያህል የሚያምር ፎቶ ቢኖር አሸዋው ውስጥ አልወርድም።

የደቻቱ ድልድይ መሃል ላይ ቆሞ ማንሳት ያጓጓል፤ መጋላም ከዚራም ከዚያ ይታያሉ። ችግሩ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር መርገብገቡ ነው። አይሱዙ ካለፈማ ተዉት! ብርሃን እንዲገባ 20 ሰከንድ ሹተር ከፍታችሁ የመስጊዱ ሚናሬት ሁለት ሆኖ ይወጣል። ከድልድዩ ወጣ ብዬ ጠንካራ መሬት ላይ ተከልኩ። ነፋሱ ገና አልበረደም ነበርና ለግንባታ ከተከመረ አሸዋ ፌስታል ሞልቼ ትራይፖዱ መሃል ላይ አንጠለጠልኩ። ሌላ ፌስታል ካሜራውን አለበስኩት።

በጨለማ አውቶፎከስ ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ አይዝም። ወደ ማንዋል ቀየርኩና ስክሪኑን አጉልቼ ሩቅ በቆመ ባጃጅ መብራት ላይ አስተካከልኩ። ጨረቃ ከደመና ብቅ ስትል አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 800፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 4 እና 20 ሰከንድ በቂ ሆነ። ስክሪኑን ግን አትመኑት። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ የጠቆረ ፎቶ እንኳ ብሩህ ይመስላል፤ ቤት ስትገቡ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሂስቶግራሙን፣ የፎቶውን ብርሃንና ጨለማ መጠን የሚያሳየውን ግራፍ፣ እዩ።

እውነቱን ለመናገር ሰፋፊዎቹ ፎቶዎች ብዙም አልያዙኝም። ጨለማ ከተማ ከሩቅ ሲታይ የየትም ከተማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትራይፖዱን አጥፌ ወደ መጋላ ተሻገርኩ።

ጥግ ላይ አንዲት ጫት ሻጭ ተቀምጣለች። ሃይላንድ ከወገቡ ቆርጣ፣ ታቹ ላይ አሸዋ አድርጋ፣ ሻማውን እዚያ ውስጥ ተክላዋለች፤ ነፋስ አይነካውም። ብርሃኑ አገጯን፣ ጣቶቿንና ከእርጥብ ጨርቅ ብቅ ያሉትን ቅጠሎች ብቻ ነው የሚያሳየው።

በጨለማ ካሜራ ይዞ የሚጠጋ ሰው ያስደነግጣል። እኔ መጀመሪያ የስልኬን ባትሪ የራሴ ፊት ላይ አበራለሁ፣ ከዚያ ሰላም እላለሁ፣ ከዚያ እጠይቃለሁ።

«ወርያ፣ በዚህ ጨለማ ምን ይታይሃል?» አለችኝ። ካሜራውን አሳየኋት። «አብሽር፣ አንሳ። ግን ጫቱን አሳምርልኝ።»

ፍላሽ የሚባል ነገር አልነካሁም፤ ሻማውን ይገድለዋል። አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 2፣ የሰከንድ 1/30፣ ትከሻዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ። ብርሃኑን የለካሁት በፊቷ ነው። ነበልባሉ ነጭ ሆኖ ቢቀር ግድ የለም፤ ፊቷ ከጠቆረ ግን ፎቶ የለም።

ሳሳያት ሳቋ ጠፋ። «ይሄማ የትናንት ጫት ይመስላል! ገበያዬን ልትዘጋው ነው?»

ልክ ነበረች። የሻማ ብርሃን በቀለም መለኪያው 1,900 ኬልቪን አካባቢ፣ ማለትም በጣም ቢጫ፣ ስለሆነ አረንጓዴውን ያጠወልገዋል። ዋይት ባላንሱን (የካሜራው የቀለም ማስተካከያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ የፎቶው ቢጫነት ይቀንሳል) ወደ 2,500 ሳወርደው ቅጠሉ ነፍስ ዘራ። ከዚያ በታች ብወርድ ጫቱ የዛሬ ይመስላል፣ ሌሊቱ ግን ሌሊት መምሰሉን ያቆማል። እዚያው ላይ ተውኩት። ደግሜ አሳየኋት።

«ተወው፣» አለችኝ፣ «ነገ በፀሐይ መጥተህ አንሳኝ።»