የጾም ፒዛ በበረዶ ቀን

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ውጪው በረዶ፣ ስራ የለም፣ የሚመጣ እንግዳም የለም። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንዲህ ጸጥ ሲል ሁሌም የሚያምረኝ ሊጥ ነው። ትናንት ማታ አቡክቼ ፍሪጅ ከትቼው ነበር፣ ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ 325 ግራም ውሃ፣ 10 ግራም ጨው፣ እርሾ ደሞ ቁንጥር ብቻ፣ ምክንያቱም ብርድ ውስጥ ቀስ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ሲቦካ ነው ጣዕሙ የሚመጣው፣ እርሾ አብዝቶ በሁለት ሰአት የተነፋ ሊጥ እኔ አይጥመኝም። ጠዋት ክዳኑን ስከፍተው ከላይ አረፋ አረፋ ሰርቶ ቤቱን የጠላ ጠላ ሽታ ሞላው፣ በጣም ደስ አለኝ።

እንጉዳዩን ያለ ዘይት መጥበሻ ላይ ጣድኩት። መጀመሪያ ዝም ይላል ከዛ ውሃውን መትፋት ይጀምራል፣ ያ ውሃ እስኪመጥ መጠበቅ ነው፣ ሳይመጥ ፒዛው ላይ ከተደረገ ሊጡ ረጥቦ መሃሉ ሳይበስል ይቀራል። ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቆስጣ ከተፍኩ፣ ቲማቲሙን ጨፈለቅኩ፣ ኦቨኑን ደሞ የመጨረሻው ሙቀት ላይ አደረግኩት፣ ኦቨኑ በደንብ ካልጋለለት ፒዛው ዳቦ ነው የሚሆነው። ቺዝ የለም፣ የነቢያት ጾም ነው፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና የእንስሳ ነገር እቤታችን አይገባም።

ሚጡ መጥታ አየችውና "ማሚ ያለ ቺዝ እኮ ፒዛ አይባልም" አለችኝ። ናፖሊ ራሱ ማሪናራ የሚሉት ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሪጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ነው፣ ቺዝ የለውም አልኳት፣ ብዙም አላሳመናትም። "አንቺ የት በልተሽ ነው የወደድሽው?" አለች። ፒያሳ አልኳት። "የቱ ጋ?"

የቱ ጋ?

ዩኒቨርሲቲ እያለን በጾም ከ6 ኪሎ በእግር ነበር የምንሄደው፣ 4 ኪሎን አልፈን፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርደን፣ ከዛ ደሞ ሽቅብ ወደ ፒያሳ። አንድ ትልቅ የጾም ፒዛ ለአራት፣ ካሮትና ድንች ሳይቀር ያለበት፣ ካቻፕ እላዩ ላይ ፈሶበት ሚጥሚጣ በሳህን ቀርቦ። ጋሼ የምንላቸው አስተናጋጅ "ልጆቼ ዛሬም አንድ ነው?" ይሉናል፣ አንድ ነው እንላለን፣ ለአራት እኩል ቆርጠው ያመጡልናል። የሳሪሷ ልጅ ጠርዙን አትበላም፣ መሃሉን ትጨርስና ጠርዙን ሳትናገር ወደኔ ሳህን ታሳልፈዋለች፣ እኔ ደሞ ጠርዙን ከመሃሉ አብልጬ እወድ ነበር። እስካሁንም እወዳለሁ። ከሷ በኋላ ጠርዝ ያቆየልኝ ሰው የለም።

ያ ቤት አሁን የለም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙው የፒያሳ ሰፈር ሲፈርስ አብሮ ሄደ። የዛን ሰሞን እዚህ ሆኜ በስልክ ቪዲዮ እያየሁ ነበር፣ ዓድዋ ሙዚየም በየካቲት ተከፍቶ ሳምንታት ሳይቆዩ ዙሪያው አቧራ በአቧራ። ስለዚህ ነገር ቁርጥ ያለ አቋም የለኝም። ጣሪያው እያፈሰሰበት፣ ሽንት ቤት ለስንት አባወራ እየተጋራ ይኖር የነበረ ሰው እኔ አሜሪካ ቁጭ ብዬ ትዝታዬ እንዳይነካ ሲባል በዝናብ ይበስብስ ማለት አልችልም። ግን ደሞ እዛው ተወልዶ እዛው ያረጀ ሰው ዳር ከተማ ሲሄድ ጎረቤቱን፣ እድሩን፣ የሚያስቀድስበትን ጊዮርጊስን ጥሎ ነው የሚሄደው፣ አዲሱ ቤት የቱንም ያህል ቢያምር ያንን አይሰጠውም። ጋሼስ የት ሄዱ? ቤታቸው እዛው አካባቢ ነበር፣ በህይወት ካሉ አሁን ትልቅ ሽማግሌ ናቸው።

ለሚጡ በትክክል ልነግራት ብዬ የኛ የአራታችን ግሩፕ ላይ ጻፍኩ፣ ፒዛ ቤታችን የቱ ጋ ነበር? ረጅሙ ከሽቱትጋርት ወዲያው "ከጊዮርጊስ ስትመጪ በስተግራ" አለ። የሳሪሷ ከአቡዳቢ "በፍጹም፣ በስተቀኝ ነው፣ እኔ ሁሌ መንገድ አቋርጬ ነበር የምገባው" አለች። እኔ በስተግራ ነው የምለው ግን እሷ እንደዛ እርግጠኛ ሆና ስትናገር ተጠራጠርኩ። አዲሳባ የቀረው ልጅ ዛሬ በዛ በኩል ጉዳይ ነበረውና ሄጄ ላያችሁ አለን፣ ቆይቶ ቮይስ ላከ፣ መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መንገዱ አዲስ ነው፣ ዛፍ ተተክሏል፣ "እኔ ራሴ የቆምኩት የድሮው የቱ ጋር እንደሆነ አላወቅኩትም" አለ። ድምጹ ከፍቶት ነበር፣ ለዛ ሰፈር ልጅ ማለት እሱ ነው።

ከዛ ወዲህ ሶስት ሰው በሶስት ሀገር ሆኖ እየተከራከረ ነው፣ ሄዶ አይቶ የሚፈርድ ሰው ደሞ የለም። ፎቶ ፈለግን፣ አንዳችንም የለንም፣ የዛን ጊዜ ስልካችን ካሜራ የለውም፣ ደሞ ፒዛ ቤት በር ላይ ማን ፎቶ ይነሳል፣ ነገም ከነገ ወዲያም እዛው የሚገኝ ነው የመሰለን። ጊዮርጊስ አለ፣ የምኒልክ ሐውልት አለ፣ ከነሱ ተነስተን ለመለካት ሞክረን ነበር፣ አልሆነም።

ከእናንተ መሃል የድሮ ፒያሳ ፎቶ ያለው ካለ፣ ሰርግም ይሁን ምርቃት ግድ የለም፣ ከሰዎቹ ጀርባ ያለውን እዩልኝ። በሩ አረንጓዴ ነበር፣ ከላዩ ጠባብ የእንጨት በረንዳ፣ በረንዳው ላይ ሁሌ የተሰጣ ልብስ፣ በሱ አራታችንም እንስማማለን። ግራ ነው ቀኝ?