ሱሪዬ ጮቄን የወጣ ዕለት

መጀመሪያ ስለ ሆዴ ላውራችሁ፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሱ ነው። የኔ ሆድ የሚመራው በባሕረ ሐሳብ ነው። ሁዳዴ ሲገባ መሟሸሽ ይጀምራል፣ ደብረ ዘይት ላይ ስንደርስ ቀበቶዬን በጋለ ምስማር አንድ ቀዳዳ እጨምርለታለሁ፣ ኒቆዲሞስ ላይ ሌላ፣ ከዛ ፋሲካ ይመጣና 55 ቀን ሙሉ የቀነስኩት በዶሮና በቅቤ ሳምንት ሳይሞላው ይመለሳል፣ አንዳንዴም ከነወለዱ። ቀበቶዬ አሁን ወንፊት ነው፣ ጤፍ ይነፋበታል።

ዘንድሮ ስቅለት ላይ ግን ትዕግስቴ አለቀ። ያን ሁሉ ስግደት ስሰግድ እኔ ስነሳ ሱሪዬ አይነሳም። ጎንበስ ስል ቀበቶው ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ቀና ስል ይላላና ሱሪው ወደ ጉልበቴ መንገድ ይጀምራል፣ ስለዚህ በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ በአንድ እጄ ስሰግድ ዋልኩ። አጠገቤ የነበሩ እማማ አይተው አይተው "ልጄ፣ ሆድህን ከቆረጠህ አረፍ በል፣ እግዜር ያውቅልሃል" አሉኝ። ጋቢ ባልለብስ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብም አልፈልግም።

እኔ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ከተማ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ስለ ኃይል፣ ስለ ፑሊ፣ ስለ ሞላ ይሄን ሁሉ ዓመት ጠመኔ ስጨርስ ኖሬ የገዛ ሱሪዬን በቦታው ማቆየት ሲያቅተኝ ነገሩ ክብሬን ነካው። በዛ ላይ ግንቦት ላይ የሚስቴ ታናሽ ወንድም እዚሁ ጎጃም አማኑኤል ከተማ ላይ ያገባል፣ የሷ ዘመድ በሙሉ አለ፣ እኔ ደግሞ አማች ነኝ፣ አማች ማለት ሠርግ ላይ ከሙሽራው ቀጥሎ የሚታይ ሰው ነው። በቃ ወሰንኩ። የድሮ ሰዎች ፎቶ ላይ በትከሻቸው አንግበውት የምናየውን የሱሪ ማንገቻ እሠራለሁ፣ ግን እንደዛ ዓይነቱን ደረቅ ሳይሆን ስንቀሳቀስ አብሮኝ የሚንቀሳቀስ፣ ስጾም የሚያጥር ስፈስክ የሚረዝም።

ኢንተርኔት ላይ ስቆፍር ብቻዬን እንዳልሆንኩ ገባኝ። ማርክ ትዌይን የሚባለው አሜሪካዊ ደራሲ ማንገቻ አስመርሮት እ.ኤ.አ. በ1871 ልብስ የሚያጠብና የሚያሰፋ፣ እንደፈለጉ የሚፈታና የሚገጠም ማሰሪያ ፈጥሮ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ደራሲ ከቻለ ፊዚክስ አስተማሪ እንዴት ያቅተዋል አልኩ። እዚህ ጋ ማቆም ነበረብኝ።

ሚስቴ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካችኝ። ቆሜ ከትከሻዬ እስከ ሱሪዬ የኋላ ጠርዝ 48 ሴንቲ ሜትር፣ ጎንበስ ስል 59። አያችሁ? ሰው ሲጎነበስ ጀርባው ይረዝማል፣ ከፊት ደግሞ ያጥራል። ማንገቻው የማይለጠጥ ከሆነ ያን 11 ሴንቲ ከየት ያመጣዋል፣ ከሱሪው መቀመጫ ነዋ፣ ከዛ በኋላ የሚሆነውን ወንዶች ታውቁታላችሁ።

የመጀመሪያው ሥራዬ ከሳይክል ከመነዳሪ የተቆረጠ ነበር። መለጠጡን በደንብ ይለጠጣል፣ እንደውም ከሚገባው በላይ፣ ስራመድ ሱሪዬ ከኔ አንድ እርምጃ ዘግይቶ ነው የሚዘለው። ነጭ ሸሚዜም በላብ ጊዜ የሜዳ አህያ ሆነ። የተጣለው ግን ሰሌዳ ላይ ከፍ ብዬ ቀመር ስጽፍ የኋላው መቆንጠጫ ተስፈንጥሮ ጆሮ ግንዴን ሲለኝ ነው። ክፍሉ ለመሳቅ ፈቃድ አልጠየቀኝም።

ሁለተኛው ባለ ፑሊ ነው፣ በሱ እስካሁን አላፍርም። ከኋላ በኩል የሁለቱን ትከሻ ማንገቻ በአንድ ገመድ አገናኘሁና ገመዱን በመጋረጃ ፑሊ ውስጥ አሳለፍኩት፣ ቀኝ ትከሻዬ ሲነሳ ከግራው ይበደራል፣ ግራው ሲነሳ ከቀኙ፣ ሱሪው መሀል ላይ ፍንክች አይልም። ችግሩ ገመዱ በጠቅላላው አይረዝምም። ግራና ቀኝን አስታረቀ እንጂ ወደ ፊት ስጎነበስ የሚያስፈልገኝን 11 ሴንቲ አያመጣልኝም፣ አበዳሪም ተበዳሪም ደሃ ከሆኑ ምን ዋጋ አለው።

ከዛ አንድ ቀን ጋቢና ተቀምጬ ከገበያ ስመለስ ሹፌሩ "ትራፊክ ነው፣ ቀበቶ ጣል አድርግ" አለኝ። ያቺን ትራፊክ ሲመጣ ብቻ ደረታችን ላይ የምናጋድማትን ቀበቶ ሳብ ሳደርጋት አእምሮዬ በራ። ቀስ ብለህ ስትስባት ትረዝማለች፣ ስትለቃት በውስጧ ያለው ሞላ ይጠቀልላታል። ይሄ አይደል የምፈልገው! ኒልስ ቦሊን የሚባለው የቮልቮ ኢንጂነር እ.ኤ.አ. በ1959 ያችን ሦስት ቦታ የምትያዝ ቀበቶ ለመኪና ሲያወጣ የሰው ደረት እንጂ የኔ ሱሪ አልታየውም፣ ይሄን ክፍተት እኔ እሞላለሁ አልኩ።

ድሮ ያስተማርኩት አንድ ልጅ መካኒክ ሆኗል፣ ሄጄ የሚኒባስ ቀበቶ ከነመጠቅለያው ስጠይቀው "ቲቸር መኪና ገዙ እንዴ?" አለኝ በደስታ። "ለሱሪ ነው" ስለው ካቻቢቴውን አስቀምጦ ትንሽ አየኝና ምንም ሳይል አውልቆ ሰጠኝ፣ ገንዘብም አልተቀበለኝም፣ ከእዘኔታ ይመስለኛል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ደግሞ በቆዳ አድርጎ መጠቅለያውን ትከሻና ትከሻዬ መሀል፣ ጀርባዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ሁለት ማንገቻ ወደ ፊት ወርዶ ሱሪው ላይ በቁልፍ ይያዛል፣ ቀበቶዋ ደግሞ ከመጠቅለያው ወጥታ በጀርባዬ ወርዳ የሱሪውን የኋላ ጠርዝ ትይዛለች። መስታወት ፊት ቀጥ ብዬ ቆሜ ቁጭ ብድግ ብል፣ ሆዴን ብነፋ ባስገባ፣ እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው። ሚስቴ ብቻ ኮቱን ሳጠልቅ ከኋላ አይታኝ "ሻኛ አወጣህ እኮ" አለች። እውነቷን ነው፣ ከፊት ቦርጭ ከኋላ ሻኛ፣ ለፋሲካ የደረሰ ሰንጋ መስያለሁ።

የሠርጉ ዕለት በኮንትራት ሚኒባስ ተጫንን። ከተሳፋሪው ሁሉ ቀበቶ ያሰርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እሱም ከሱሪዬ ጋር። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጀርባዬ ላይ ጠቅ ትላለች፣ እኔ ደግሞ ደስ ይለኛል፣ ሥራዋን አልረሳችም ብዬ። ለምን ጠቅ እንደምትል ቆም ብሎ ማሰብ ነበረ። እዛ መጠቅለያ ውስጥ መኪናው ድንገት ሲቆም ወይም ሲያዘነብል የምትንቀሳቀስ ትንሽ ነገር አለች፣ እሷ ከቦታዋ ስትነቃነቅ ጥርስ ይነክስና ቀበቶው አልረዝምም ይላል፣ ለግጭትና ለግልበጣ ነው የተሠራችው። ሰው ደግሞ ሲጎነበስ ከተገለበጠ መኪና በምን ይለያል? እኔ ቤት ውስጥ የሞከርኩት ቀጥ ብዬ ነው።

ዳሱ ውስጥ ገብተን አማቴ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። ጉልበት ልስም ጎንበስ አልኩ፣ ሲሶ መንገድ እንደሄድኩ ጠቅ! ቀረሁ። ወደ ታች የለም። አንገቴን ባስረዝም፣ ከንፈሬን ባሞጠሙጥ፣ የአማቴ ጉልበት እዛ ማዶ ነው፣ ትንሽ ስጫን ሱሪው ከኋላ ሽቅብ ይጎትተኛል። ሰው ደግሞ ያያል፣ ለአማቱ ግማሽ ሰላምታ የሚሰጥ አማች ጎጃም ውስጥ ታይቶ አይታወቅም። ምን ላድርግ፣ ጀርባዬን ቀጥ እንዳደረግኩ በሁለት ጉልበቴ ተንበረከክኩ።

ዳሱ ጭጭ አለ። አማቴ ደነገጡ፣ "ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋህ?" አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና አንደኛው ተነሥተው "በሠርግ ቀን ቂም አይያዝም፣ ያጠፋውን አጥፍቷል፣ ይቅር በሉት" ብለው ማስታረቅ ጀመሩ። ምንም አላጠፋሁም ልል ስል ሌላኛው "ዝም በል፣ የተንበረከከ አይሟገትም" አሉኝ። አማቴም "እንግዲህ እግዜር ይቅር ይበልህ" ብለው አነሡኝ፣ ተመረቅሁ፣ አሜን አልኩ። ሚስቴ ክንዴን ቆንጥጣ "አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርገህ ነው?" አለች፣ እስከዛሬ ድረስ ምንም አላመነችኝም፣ የሆነ ነገር አለ ብላ እየጠበቀች ነው።

እዚህ ላይ ወደ ቤት ብመለስ ኖሮ ታሪኩ አጭር ነበር።

ምሳ ተበልቶ፣ ጠላው ዞሮ፣ አረቄም ተከትሎ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ሲቃኝ "አማች ይውረድ! አማች ይውረድ!" ተባለ። ጎጃም ሠርግ ላይ ትከሻዬን አመመኝ ማለት አይቻልም፣ እሺ ብዬ ገባሁ። መጀመሪያ ቀስ እያልኩ ስለነበር ምንም አልሆነም። ከዛ ማሲንቆው ፈጠን ሲል፣ አረቄውም ሲያግዘኝ፣ ትከሻዬን ለቀቅሁት።

አሁን ፊዚክሱን ተከተሉኝ። ትከሻዬ ድንገት ሽቅብ ሲዘል ቀበቶዋ ግጭት መሰላትና ትነክሳለች፣ ስለዚህ ሱሪው አብሮኝ ይነሳል። ትከሻዬ ሲወርድ ትላላለች፣ ያኔ ሞላው የላላችውን ቶሎ ይጠቀልላታል። ቀጥሎ ስዘል ከዛው ከተጠቀለለችበት ትነክሳለች። ማለትም እስክስታ በወረድኩ ቁጥር ሱሪዬ ሁለት ሁለት ጣት እየወጣ ነው፣ መመለስ የለም! ከኋላ ሲያጥር ደግሞ ማንገቻው ትከሻዬ ላይ እየተንሸራተተ የፊቱንም ይዞት ይወጣል። መኪና በክሪክ ሲነሳ አይታችሁ የለ፣ እሱን ነው ራሴ ላይ የሠራሁት። ሱሪ ይወርዳል ብዬ ነበር ዘመኔን ሁሉ የምፈራው፣ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል?

መጀመሪያ ካልሲዬ ታየ፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ቡናማ። ከዛ ባቴ። ሰዉ እልል አለ፣ እኔ ለጭፈራዬ መስሎኝ ባሰብኝ። ጉልበቴ ላይ ነፋስ ሲሰማኝ ነው ቁልቁል ያየሁት። የሚስቴ አጎት፣ እስከዛሬ ማርቆስን በድሮ ስሟ መንቆረር የሚሉት፣ ዱላቸውን ከፍ አድርገው "እሰይ! አሁን ገና የጎጃም ሰው መሰለ!" አሉ። አዝማሪው ደግሞ አገኘኛ፣ ምን ይምረኛል፦

"እንደ ጮቄ ጭጋግ ሱሪው ወጣ ወጣ፣
ሱፍ ለብሶ የመጣው ይሄዳል በቁምጣ።"

የቅኔ አገር ላይ ቆሜ የተገጠመልኝ ግጥም ሰም የለው ወርቅ የለው፣ ቁምጣ ብቻ። ሃምሳ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት እንዲያቆም፣ እሱ ግን ወደደው መስሎት ደገመው።

ዞር ብዬ ከዳሱ ጀርባ ሄድኩና ሱሪውን ወደ ታች ብጎትት ወይ ፍንክች፣ በጎተትኩት ቁጥር ጠቅ ትላለች። ቁልፎቹን እንዳልፈታ ውጥረቱ ጣቴን አላስገባ አለ። ኮት አውልቄ እንደ ጅራፍ ስሽከረከር የሚኒባሱ ሹፌር በእጁ ጥብስ ይዞ መጣ፣ ጀርባዬን አየ፣ ማኘኩን አቆመ።

"ጋሼ፣ ይሄ የመኪና ቀበቶ አይደለም?"

"ነው።"

"የነከሰ ቀበቶ በጉልበት አይለቅም እኮ። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲገባ ይለቀቅለታል፣ ከዛ በቀስታ ይሳባል።"

ወደ ውስጥ ማለት በኔ ሁኔታ ወደ ላይ ማለት ነው። ለመውረድ መጀመሪያ መውጣት አለብኝ። ሌላ መንገድ የለም ወይ ብለው የለም አለኝ፣ ባለሙያ ነው። ሁለት ሚዜዎች ተጠርተው መጡና ሱሪዬን ከግራና ከቀኝ ወገቡን ይዘው "በስመ አብ" ብለው ሽቅብ አነሱኝ። ለአፍታ ድምፄ የትንሽ ዲያቆን ድምፅ ሆነ። ጠቅ። ከዛ ሹፌሩ ቀበቶዋን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ እባብ እንደሚያባብል ሰው እያባበለ፣ ሳብ ሳብ አደረጋትና ሱሪዬ በክብር ወደ ጫማዬ ተመለሰ። ቀሪውን ሠርግ መቀነት ተውሼ ታጥቄ ዋልኩ፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው የሚስቴ የእናቷ መቀነት። ከሁሉም የተመቸኝ እሱ ነው፣ ግን እንዳትነግሩብኝ።

ታሪኩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ቅዳሜ የሚስቴ አጎት ማርቆስ ገበያ መጥተው ቤት ጎራ አሉ። ቡና እስኪፈላ ዓይናቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ማንገቻዬ ላይ ነው። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ነገሩን አወጡት።

"አንተ የመንቆረር አስተማሪ፣ ይሄ ነገርህ ሲላላ ራሱን ያጠብቃል አይደል ያልከኝ?"

"አዎ አባ።"

"ዳገት ላይ ሲደርስስ?"

"ይነክሳል።"

"እንግዲያ ለአህያዋ ይሆናል። መጫኛዋ ቁልቁለት ላይ እየላላ ጭነቱ ሁልጊዜ ሆዷ ስር ነው የሚገባው።"

ሰጠኋቸው። በኋላ እንደሰማሁት ጤፍ ጭና ከአማኑኤል ገበያ ደርሳ ትመለሳለች፣ አንድ ቀን እንኳ አልላላባትም አሉ። እስክስታ አትወርድማ።