ለተጎዳ ወገብ እንቅስቃሴ የምመርጥበት መንገድ

ከመንዝም ይምጣ ከአንኮበር፣ በፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ ሕክምና) ሥራዬ ደብረ ብርሃን ላይ የማገኘው የወገብ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ የኤምአርአይ ፊልሙን በፌስታል ይዞ ነው የሚገባው። ውጤቱም ይመሳሰላል፤ በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ወይም ከ5ኛው በታች ያለው ዲስክ (በአጥንቶች መካከል ያለ ለስላሳ ትራስ) ደርቋል፣ ወጣ ብሏል፣ ነርቭ ነክቷል ይላል። እኔ ፊልሙን የማየው ሰውየውን ካየሁ በኋላ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል ሰብስቦ ሲያይ፣ የዲስክ ማርጀት ምልክት 20 ዓመት አካባቢ ካሉት በ37 በመቶው፣ 50 አካባቢ ካሉት በ80 በመቶው፣ 80 ከደረሱት ደግሞ በ96 በመቶው ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ ፊልም ላይ የታየ ያረጀ ዲስክ ብቻውን የሕመሙን ምክንያት አይነግረኝም፤ የትኛውን እንቅስቃሴ ማዘዝ እንዳለብኝማ ጭራሽ አይነግረኝም። ያንን የሚነግረኝ ሕመሙ በምን እንደሚብስና በምን እንደሚቀል ነው።

እንቅስቃሴ ከማስጀመሬ በፊት ግን ፊዚዮቴራፒ የማይገባበትን ወገብ መለየት ግድ ይላል። መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካልተቻለ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ ነርቮቹ ታፍነዋል ማለት ነው፤ ያ ሰው በዚያው ቀን የአከርካሪ ቀዶ ጥገና ወደሚሠራበት ሆስፒታል ይሂድ። ሌሊት የሚያልበው፣ የከሳ፣ ጋደም ብሎም ሕመሙ የማይተወው፣ በተለይ አከርካሪው ላይ ጉብ ያለ ነገር ካለው የአጥንት ቲቢን እጠረጥራለሁ። ከብትና በግ የሚያረባ፣ ጥሬ ወተት የሚጠጣና ትኩሳት የሚመላለስበት ከሆነ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፈውን ብሩሴሎሲስንም አስባለሁ። እንዲህ ያለ ወገብ መታሸትም መጎተትም የለበትም። ቲቢ የበላውን አጥንት ወጌሻ ቢጫነው ሊደረመስ ይችላል። በአካባቢያችን ሰው ወጌሻ ጋ ሳይደርስ እኛ ጋ መምጣቱ ብርቅ ስለሆነ፣ ማን እንዳየውና ምን እንዳደረገለት ሳላፍር እጠይቃለሁ፤ ታካሚውም ሳያፍር ይንገረኝ።

ቀጥሎ የእግር ጉልበት ነው። በተረከዝ አስረግጬ ጥቂት እርምጃ አስሄዳለሁ፤ ከዚያ ግድግዳ አስይዤ በአንድ እግር ጣት ላይ 10 ጊዜ እንዲነሳ አደርጋለሁ። የእግር አውራ ጣት ወደ ላይ አልነሳ ካለ 5ኛው የወገብ ነርቭ፣ አንዱ ተረከዝ ከሌላው ቀድሞ ከደከመ ከእሱ በታች ያለው ነርቭ ተጎድቷል ብዬ እጽፋለሁ። ይህን በየቀጠሮው እደግመዋለሁ። ሕመም ቀንሶ ጉልበት እየደከመ ከሄደ ያ መሻሻል አይደለም፤ ወደ ቀዶ ሐኪም መላክ ያለበት ሰው ነው።

ዋናው ምርመራ የአቅጣጫው ነው፤ ሕመሙ የሚቀለው ወገብ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ነው ወይስ ወደ ፊት ሲታጠፍ? የዚህን ሥርዓት መሠረት የጣለው የኒውዚላንዱ ፊዚዮቴራፒስት ሮቢን ማኬንዚ ነው። መጀመሪያ አቁሜ ሕመሙ የት ድረስ እንደሚወርድ እመዘግባለሁ፤ መቀመጫ፣ ጭን፣ ባት፣ ጣት። ከዚያ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አስደግፌ፣ ጉልበታቸውን ሳያጥፉ 10 ጊዜ ወደ ኋላ እንዲለጠጡ አደርጋለሁ።

«እማማ፣ አሁንስ የት ጋ ነው የሚሰማዎት?»

«ባቴን ለቀቅ አደረገኝ፤ ወገቤ ላይ ግን ጠና።»

ታካሚዋ ባሰብኝ ብለው ይደነግጣሉ። ለእኔ ግን ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ከእግር እየለቀቀ ወደ ወገብ የሚሰበሰብ ሕመም፣ ወገብ ላይ ለጊዜው ቢጠነክርም፣ ነርቩ ዕረፍት እያገኘ መሆኑን ይነግረኛል። ተቃራኒው፣ ማለትም ወገቡ ቀልሎት ሕመሙ ወደ ባትና ወደ ጣት የሚወርድበት ሰው፣ ያንን እንቅስቃሴ ወዲያው ማቆም አለበት። ይህን ታካሚው ራሱ እንዲያውቀው አስጠናዋለሁ፤ ቤቱ ሆኖ የሚመራው ይህ ምልክት ነውና።

ወደ ኋላ መለጠጥ የሚስማማው ሰው በሆዱ ተኝቶ በክርኑ ተደግፎ 2 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ በመዳፉ ገፍቶ ደረቱን ያነሳል፤ ዳሌው ከመሬት አይነሳም፣ መቀመጫውን አያጠብቅም። 10 ጊዜ፣ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ጠዋት ብቻ 50 ጊዜ ሠርተው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ይውላሉ፤ በጠዋት የተገኘው እፎይታ እስከ ቀትር አይቆይም። ሁለተኛ፣ እጃቸው ሳይዘረጋ በጀርባ ጡንቻ ይነሳሉ፤ ያኔ ወገቡ ይጨመቃል እንጂ አይለጠጥም። ሥራውን እጅ ይሥራ፣ ወገብ ይለቀቅ።

ዕድሜያቸው የገፋ፣ የአከርካሪያቸው ቦይ (ነርቮች የሚያልፉበት ክፍተት) የጠበበ ሰዎች ግን ይህ እንቅስቃሴ አይስማማቸውም። እነሱን በአረማመዳቸው እለያቸዋለሁ። ጥቂት ደቂቃ ሲሄዱ እግራቸው ይከብዳል፣ ይደነዝዛል፤ ቁጭ ሲሉ ወይም ከዘራ ላይ ደፋ ሲሉ ይለቃቸዋል። እንደ ጣርማ በር ባለ ቁልቁለት መውረድ ከመውጣት ይብስባቸዋል። ሰው ቁልቁል ሲሄድ ወገቡን ወደ ኋላ ይለጥጣል፣ ቦዩም ይበልጥ ይጠባል፤ ዳገት ላይ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ይሰፋል። ቅዳሴ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም የሚያሰቃያቸው፣ መቋሚያውን ተደግፈው ግን የሚችሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። መቋሚያውን ትንሽ ወደ ፊት አርቀው እንዲተክሉ፣ አንዱን እግር ዝቅ ያለ ድንጋይ ላይ እያቀያየሩ እንዲያሳርፉ እመክራለሁ። ዳገት ላይ የሚብስበት፣ ቁጭ ሳይል ቆም በማለት ብቻ የሚለቀው ሰው ከገጠመኝ የእግሩን የደም ምት እዳስሳለሁ፤ ችግሩ ከደም ሥር ሊሆን ይችላል።

ለእነዚህ ሰዎች በጀርባ ተኝቶ ሁለቱን ጉልበት ወደ ደረት መሳብ፣ 20 ሰከንድ፣ 5 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ይበቃል። ቀሪው ጉልበቴ ወደ እርምጃቸው ይሄዳል። እግር የሚከብደው በ10 ደቂቃ ከሆነ 7 ደቂቃ ይሄዱና ሳይከብዳቸው ይቀመጣሉ፤ 2 ደቂቃ አርፈው ይቀጥላሉ፤ እንዲህ 4 ዙር። እስኪያቅታቸው ከሄዱ በማግስቱ አይወጡም። በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ እጨምራለሁ፤ ካልቻሉ አልጨምርም።

የማጠንከሪያው ክፍል ለሁለቱም ወገኖች ተቀራራቢ ነው። የካናዳው የአከርካሪ ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊል ካስተዋወቃቸው እንቅስቃሴዎች ሁለቱን እወስዳለሁ። አንዱ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ተቃራኒ እጅና እግር መዘርጋት ነው፤ ሌላው በጎን ተጋድሞ በክርንና በጉልበት ላይ ዳሌን ማንሳት። እያንዳንዱን 10 ሰከንድ መያዝ፤ በመጀመሪያ ዙር 6፣ ቀጥሎ 4፣ መጨረሻ 2 ጊዜ በየጎኑ። ሲደክሙ ቅርጹ ስለሚበላሽ ነው ቁጥሩ የሚቀንሰው። ሦስተኛው ከመደብ ላይ እጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ ነው፣ 10 ጊዜ። ከሦስት በላይ አላዝም። ስምንት እንቅስቃሴ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው በሁለተኛው ሳምንት አንዱንም አይሠራም።

ጎንበስ ማለትን የማስተምረው በዱላ ነው። ዱላው ጀርባ ላይ ቁም ይደረግና በአንድ እጅ ከማጅራት፣ በሌላው ከወገብ በታች ይያዛል። ጭንቅላትን፣ የትከሻ መሐልንና ከወገብ በታች ያለውን አጥንት ይነካል። አሁን ጉልበት ትንሽ አጠፍ፣ መቀመጫ ወደ ኋላ፣ ደረት ወደ ፊት። ዱላው ከሦስቱ ከአንዱ ከለቀቀ የታጠፈው ዳሌ ሳይሆን ወገብ ነው። እረኛም ገበሬም ዱላ አያጣምና ቤት ሄዶ የሚለማመድበት ዕቃ መፈለግ አይኖርበትም። ይህን ያልለመደ ሰው ማጠንከሪያውን በሙሉ ቢሠራ ያገኘውን ገብስ አጨዳ ላይ መልሶ ያጣዋል።

አጨዳና አረም ላይ የምጠይቀው በየ20 ደቂቃው ቀና ማለትን ነው፤ አንድ ጉልበት መሬት አስነክቶ ማጨድም ይቻላል። ቀና ሲሉ ወደ ኋላ መለጠጥ የሚስማማው 5 ጊዜ ይለጠጣል፤ ቦዩ የጠበበበት ደግሞ ቁጭ ይላል። አራሽ እርፉን ሁልጊዜ በአንድ እጅ ስለሚጫን ወገቡ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ትልሙ ጫፍ ሲደርስ እጅ ይቀይር፣ ሲዞርም ወገቡን ሳይጠመዝዝ እግሩን ያዙር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ነው፤ በሁለት ባለ 10 ሊትር ተከፍሎ በሁለት እጅ ቢያዝ ጭነቱ ይመጣጠናል። እንጀራ ጋጋሪ ምድጃዋ እስከ ወገቧ ከፍ ቢል ከማዝዘው ብዙ ነገር ይበልጥ ይጠቅማታል። ይህ የባልና የልጆች እገዛ ስለሚጠይቅ አስታማሚውንም አስገብቼ ነው የምነግረው።

ከእንቅልፍ በተነሱ በመጀመሪያው ሰዓት ብዙ ጎንበስ አትበሉ የምለው በምክንያት ነው። ዲስክ ሌሊቱን ውኃ ስቦ ስለሚያድር ጠዋት ያበጠና የተወጠረ ነው፤ በጎንበስታ ላይ የሚያርፍበት ጫና ያኔ ይበዛል። ማለዳ የሚሰግዱ ታካሚዎቼ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፣ በተለይ በሰሙነ ሕማማት። ስገዱ ወይም አትስገዱ ማለት የእኔ ፋንታ አይደለም፤ ያንን ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመክራሉ። የእኔ ድርሻ እንዴት ወርደው እንዴት እንደሚነሱ ማሳየት ነው። መጀመሪያ አንድ ጉልበት፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ሁለት እጅ መሬት ላይ፣ መቀመጫ ወደ ተረከዝ፣ ግንባር በመጨረሻ። ሲነሱ አንድ እግር ቀድሞ ይተከልና ጭን ይገፋል። በየ10 ስግደቱ ቆም ብሎ ቀና ማለት።

የሕመሙን ልክ ከ0 እስከ 10 አስቆጥራለሁ። እንቅስቃሴ ሲሠሩ ወገብ ላይ እስከ 4 ቢደርስና በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ቢመለስ ይቀጥሉ። በማግስቱ ከፍ ብሎ ካደረ የእንቅስቃሴውን ቁጥር በሲሶ እቀንሳለሁ እንጂ አላስቆምም። ጡንቻ ለመጠንከር ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ካልነገርኩ በሦስተኛው ሳምንት አልሠራልኝም ብለው ይተዋሉ። ከመንዙ ከተማ ከመሐል ሜዳ በየሳምንቱ መመላለስ ለማይችል ሰው ቀጠሮውን በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ12ኛው ሳምንት አደርጋለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥር ሰደድ ወገብ ሕመም መመሪያ የወገብ ቀበቶን፣ የወገብ መጎተቻንና የአልትራሳውንድ ማሽንን በመደበኛነት እንዳንጠቀም መክሯል። ታካሚ ማሽን ካልተደረገለት የታከመ አይመስለውም፤ ቢሆንም ያለችኝን ግማሽ ሰዓት ለእንቅስቃሴ ማስተማር እመርጣለሁ። ጣውላ ላይ ተኛ የሚለው ምክርም ይቅር፤ በጣም የማይሰረጉድና በጣም የማይደርቅ ፍራሽ ይሻላል፤ በጀርባ ለሚተኛ የተጠቀለለ ጋቢ ከጉልበት ሥር፣ በጎን ለሚተኛ በጉልበቶች መሐል። «ብርድ ነው የመታኝ» ለሚሉት፣ ብርድ ጡንቻ ያስይዛል እንጂ ዲስክ አያስረጅም እላለሁ፤ ሙቅ ውኃ በላስቲክ 15 ደቂቃ ማሳረፍ ምንም አይጎዳም። የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ በጾም ወቅት በባዶ ሆድ እየዋጡ ጨጓራቸውን የሚጎዱ ብዙ ናቸው፤ ከምግብ በኋላ ይሁን፤ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ።

ሕመሙ ተመልሶ ሲነሳ ዲስኩ እንደገና ተንሸራተተ ብለው ይተኛሉ። ዲስክ እንደ ሳሙና ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ነገር አይደለም፤ ትልቅ ሆኖ የወጣውም ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይሟሽሻል። አልጋ ላይ መዋል ከሁለት ቀን ካለፈ ጉዳቱ ይበልጣል። ስለዚህ ለአገረሸ ቀን የሚሆን ወረቀት በእጃቸው እሰጣለሁ፦ ማጠንከሪያውን ለ3 ቀን ተው፤ የሚስማማህን አቅጣጫ በየ2 ሰዓቱ 10 ጊዜ ሥራ፤ በየሰዓቱ 5 ደቂቃ በሜዳ ላይ ተራመድ፤ በ4ኛው ቀን ማጠንከሪያውን በግማሽ ጀምር፤ ሕመሙ ከጉልበት በታች ከወረደና በሳምንት ውስጥ ወደ ላይ ካልተመለሰ፣ ወይም እግርህ ከዛለ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ና።